«ቱ ክሊን» ወይስ «ቬሪ ክሊን»? ለሪሴፕሽኗ እህታችን

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ ማረፊያ ቤት ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ እህታችን እንዲህ ብላለች፦ «አንድ የውጭ አገር እንግዳ ክፍሉ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ‹ዘ ሩም ኢዝ ቱ ክሊን› አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። በኋላ አለቃዬ ‹ቬሪ ነው የሚባለው› አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሁለቱም ‹በጣም› አይደሉም እንዴ? ደግሞ ‹ኳይት›፣ ‹ፕሪቲ›፣ ‹ሪሊ›፣ ‹ሶ› የሚሉትን ስሰማ የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ አይገባኝም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩልኝ።»

እሺ እህቴ። እኔም እዚሁ ድሬ ነው ያለሁት፤ ሥራዬ ለሆቴል ሠራተኞችና ለአስጎብኚዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ይቺ ጥያቄ በየዙሩ ትመጣለች፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ድርድሩንም እሰጥሻለሁ። ግን ከሱ አልጀምርም፣ ምክንያቱም እንግዳውን ግራ ያጋባው የመጠን ጉዳይ አይደለም። «ቱ» ከ«ቬሪ» አንድ ደረጃ ከፍ ያለ «በጣም» አይደለም። የሚናገረው ሌላ ነገር ነው።

«ቬሪ» መጠን ይናገራል፣ በቃ። «ቬሪ ክሊን» ማለት በጣም ንጹሕ ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለሰሚው ይተውለታል። «ቱ» ግን ይፈርዳል። ከልኩ አለፈ፣ በማለፉም አንድ ነገር አልሆነም ይላል። ስለዚህ ሰውየው «ቱ ክሊን» ሲሰማ ጆሮው ቀሪውን ነው የጠበቀው፦ ንጽሕናው በዝቶ ምን ሆነ? በጫማ መግባት አይቻልም? ለኔ አይከራይም? አንቺ እያመሰገንሽ ነበር፣ እሱ የሰማው ስሞታ ነው።

አንዳንድ ሰው አማርኛ ይሄ ልዩነት ስለሌለው ነው የምንሳሳተው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልዩነቱ አለን፤ ያለው ግን «በጣም» ውስጥ ሳይሆን ግሡ ላይ ነው። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተሽ ጫማ ስትለኪ ምን ትያለሽ? «ጠበበኝ» ነው የምትይው፣ «በጣም ጠባብ ነው» ብለሽ አትንዛዢም። «ጠበበኝ» ስትይ ሻጩ ሌላ ቁጥር ሊያመጣ ይነሳል፣ ምክንያቱም ይሄ እንደማይሆንሽ ገብቶታል። ያ «ጠበበኝ» በእንግሊዝኛ «ቱ ታይት» ነው። «አቦ ሻንጣው ከበደኝ» ስትይ «ቱ ሄቪ» ነው። «ዋጋው በዛብኝ» «ቱ ኤክስፔንሲቭ»፣ «መንገዱ ራቀኝ» «ቱ ፋር»፣ ሰኔ ላይ በቀትር «ሙቀቱ በዛብኝ» ስትይ ደግሞ «ቱ ሆት»። እስቲ ልብ በይ፣ ሁሉም ውስጥ የተቸገረ ሰው አለ።

ስለዚህ መፈተኛሽ ቀላል ነው። «ቱ» ከአፍሽ ሊወጣ ሲል ቶሎ ብለሽ አስቢ፦ ይሄን ነገር «በዛብኝ» ወይም «አልሆነኝም» ብዬ ላማርርበት እችላለሁ? ከቻልሽ «ቱ» በይ። እያመሰገንሽ ከሆነ «ቬሪ» ወይም «ሪሊ»። ክፍል ንጹሕ ሆኖ «ንጽሕናው በዛብኝ» የሚል ሰው የለም፣ ስለዚህ «ቱ ክሊን» አይሆንም።

«ቱ» ብዙ ጊዜ ጭራ አለው፤ ምን እንዳልተቻለ ወይም ለማን እንዳልሆነ የሚናገር። «ዘ ባግ ኢዝ ቱ ሄቪ ቱ ካሪ»፣ ሻንጣው ለመሸከም ከበደ። «ዘ ቤድ ኢዝ ቱ ሾርት ፎር ሂም»፣ አልጋው ለሱ አጠረው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት «ቱ» አለ፤ ድምፃቸው ይቀራረባል፣ ስትጽፊ ግን የፊተኛው ሁለት «ኦ» አለው፣ የኋለኛው አንድ። በቴክስት ስትጻጻፊ ይሄን ጠብቂ። ደግሞ «ዩ አር ቱ ካይንድ» ሲሉሽ እንዳትደነግጪ፤ ምስጋና ነው፣ ደግነትሽ ከሚገባኝ በላይ ነው እንደማለት። «ኖት ቱ ባድ» ሲሉም «ደህና ነው» ማለታቸው ነው። እንዲህ ያሉትን ስትሰሚ ተረጃቸው፣ ለጊዜው ግን አንቺ ራስሽ ባትፈጥሪ ይሻላል።

እዚሁ ጋ «ቱ ማች ሆት» የሚባለውን ላንሳ፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ማች» እዚያ ቦታ የለውም። ቅጽል ሲሆን «ቱ ሆት» ይበቃል። «ማች» የሚመጣው ስም ሲከተል ነው፤ ያውም የማይቆጠር ስም፦ «ቱ ማች ሹገር»፣ «ቱ ማች ኖይዝ»። የሚቆጠር ከሆነ «ቱ ሜኒ»፦ «ቱ ሜኒ ባጃጅስ»። «ቬሪ ማች ሆት» የሚባልም ነገር የለም፣ «ቬሪ ሆት» ነው።

አሁን ወደ ግሥ እንለፍ። የኛ «በጣም» የትም ይገባል። በጣም ቆንጆ፣ በጣም ሮጠ፣ በጣም እወዳለሁ፣ በጣም ይሻላል፤ አንዱ ቃል ሁሉንም ይሸፍናል። «ቬሪ» እንዲህ አይደለም። ቅጽል ላይና ሌላ ተውሳከ ግሥ ላይ ይቀመጣል፣ ግሥ ላይ ግን አይቀመጥም። «አይ ቬሪ ላይክ ድሬዳዋ» አይባልም። ሦስት መንገድ አለሽ፦ «አይ ሪሊ ላይክ ድሬዳዋ»፣ «አይ ላይክ ድሬዳዋ ቬሪ ማች»፣ «አይ ላይክ ድሬዳዋ ኤ ሎት»። በወሬ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይቀሉሻል። ሁለተኛውን ካልሽ «ቬሪ ማች» መጨረሻ ላይ ትሁን። «አይ ላይክ ቬሪ ማች ኮፊ» ብሎ መሀል መሰንቀር ያስተዛዝባል።

«በጣም ይሻላል» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ቀጥታ ስትወስጂው «ቬሪ ቤተር» ይወጣል፣ እሱም አይባልም። ነገር ስታወዳድሪ «ቬሪ»ን ተይውና «ማች»፣ «ፋር» ወይም «ኤ ሎት» በይ። «ማች ቤተር»፣ «ፋር ቺፐር»፣ «ኤ ሎት ክዋየተር»። ይሄ ለሥራሽ የሚጠቅምበትን አንድ ቦታ ልንገርሽ። እንግዶችሽ ቀን ላይ በደንገጎ አድርገው ሐረር ደርሰው ለመመለስ ይወጣሉ አይደል? ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከጀጎል ሲወጡ ሊመሽ ይችላል፣ ጅብ ሲመገብ እናያለን ካሉማ መምሸቱ አይቀርም፤ በድሬ ልብስ የሄደ ሰው እዚያ ይንቀጠቀጣል። «ሐረር ኢዝ ኤ ሊትል ኩለር» ካልሻቸው ጃኬት አይዙም። «ሐረር ኢዝ ማች ኩለር ኢን ዚ ኢቭኒንግ» በያቸው፣ ይዘው ይወጣሉ። ቃሏ ትንሽ ናት፣ ሰው ግን የሚወስነው በሷ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር ሪሴፕሽን ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይመስለኛል፣ ጥያቄሽ ውስጥ ባይኖርም። «ኤ ቢት» ነው። መዝገበ ቃላት «ትንሽ» ይለዋል፣ ትክክልም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን፣ በተለይ እንግሊዞቹ፣ ስሞታ ሲያቀርቡ ማለዘቢያ አድርገው ነው የሚጠቀሙበት። አንድ ሰው ከላይ ወርዶ ዴስኩን ተደግፎ ፈገግ እያለ «ኢትስ ኤ ቢት ዋርም ኢን ዜር» አለሽ እንበል። ቃል በቃል ከሰማሽው ትንሽ ሞቅ ብሏል፣ ምንም አይደለም። «ዬስ፣ ድሬዳዋ ኢዝ ሆት» ብለሽ ሳቅ ትይና ይቀጥላል። እሱ ግን ያለሽ «ክፍሉ ውስጥ መተኛት አልቻልኩም፣ ኤሲውን ሰው ይይልኝ» ነው። ቁጣውን በ«ኤ ቢት» ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ሳትነሺ ስትቀሪ አይጮህብሽም፤ ዝም ብሎ ክፍሉ ይመለሳል፣ ማታውን ላብ በላብ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋት ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የጻፈውን አለቃሽ ያነበዋል።

ስለዚህ «ኤ ቢት» ከመጥፎ ነገር ጋር ከመጣ፣ ማለትም «ኤ ቢት ኖይዚ»፣ «ኤ ቢት ደርቲ»፣ «ኤ ቢት ሌት»፣ ትንሽ የሚለውን አውጪና ቀሪውን ስሚ። ጫጫታ አለ። ቆሽሿል። ዘግይታችኋል። «ኖት ቬሪ»ም እንደዚሁ ነው። «ዘ ሻወር ኢዝ ኖት ቬሪ ክሊን» ያለ ሰው ንጹሕ ነው፣ በጣም ግን አይደለም እያለሽ አይደለም። ቆሻሻ ነው እያለሽ ነው። አሜሪካኖቹ «ካይንድ ኦፍ» የሚሏት ነገር አለች፣ እሷም እዚያው ምድብ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሚ ፈጣን መልስ ይኑርሽ፦ «አይም ሪሊ ሶሪ፣ አይል ሴንድ ሰምዋን ራይት ናው።»

አንቺም በተራሽ ተጠቀሚባት። ባዶ ያለው ትንሿ ክፍል ብቻ ከሆነ «ዘ ሩም ኢዝ ስሞል» ብሎ መወርወር ይደርቃል፤ «ኢትስ ኤ ቢት ስሞል፣ ባት ኢትስ ቬሪ ኳየት» ያምራል። ታዲያ «ኤ ቢት» ከምስጋና ጋር አትሄድም። «ኤ ቢት ቢዩቲፉል» የሚል የለም። ስታወዳድሪ ግን ከሁሉም ጋር ትሄዳለች፦ «ኤ ቢት ቤተር»፣ «ኤ ቢት ቢገር»።

ድርድሩ እነሆ፣ ቃል በገባሁት መሠረት። ከታች «ኤ ቢት» እና «ኤ ሊትል» ናቸው። ከነሱ በላይ «ፌርሊ»፣ ደህና ያህል። ቀጥሎ «ኳይት» እና «ፕሪቲ»። ከዚያ «ቬሪ» እና «ሪሊ»። አናት ላይ «ኤክስትሪምሊ»። «ቱ» መሰላሉ ላይ የለችም፣ ምክንያቷን ነግሬሻለሁ። «ሶ»ም የለችም፣ ወደሷ እመጣለሁ።

ከነዚህ ውስጥ አስቸጋሪዋ «ኳይት» ናት፣ ምክንያቱም አገር ትለያለች። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ካለሽ ባብዛኛው በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ ግን «ኳይት» ላይ ድምፁን ጠንከር አድርጎ «ኳይት ጉድ» ካለ፣ ደህና ነው፣ ግን ከዚህ የተሻለ ጠብቄ ነበር ሊሆን ይችላል። ስለ ቁርሳችሁ እንዲህ ካለ የጎደለ ነገር ካለ ጠይቂው። ይባስ ብሎ «ዩ አር ኳይት ራይት» እና «ኳይት ኢምፖሲብል» ውስጥ ትርጉሟ «ሙሉ በሙሉ» ይሆናል። «ኖት ኳይት» ሲሆን ደግሞ ሊደርስ ጥቂት ቀረው፤ «ኢዝ ዘ ሩም ሬዲ?» ሲሉሽ «ኖት ኳይት» ማለት አሪፍ መልስ ነው። በዚህ ላይ አጻጻፏ «ኳየት» ከሚለው ጋር ይምታታል፤ ያኛው ጸጥ ያለ ማለት ነው፣ የሚለያዩት በሁለት ፊደል መቀያየር ብቻ ነው። ምክሬ፦ «ኳይት»ን በጆሮሽ ለይያት፣ በአፍሽ ግን አትቸኩዪ።

«ፕሪቲ» ቀላል ናት። ቆንጆ ከሚለው ትርጉሟ ጋር እዚህ አይገናኝም፣ «ፕሪቲ አግሊ» እንኳን ይባላል። የወሬ ቃል ናት። ለእንግዳ በአፍ «ኢትስ ፕሪቲ ክሎዝ» ማለት ይቻላል፣ ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን አትክተቻት።

ቅጽሎቹ ራሳቸው ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መጠን የሚቀበል ነው፦ ሆት፣ ታየርድ፣ ቢግ፣ ክሊን። ሌላው «በጣም»ን ውስጡ ይዞ የተወለደ ነው፦ «ቦይሊንግ»፣ «ኤግዞስትድ»፣ «ሂዩጅ»፣ «ፐርፌክት»። እነዚህ «ቬሪ» አይወዱም፣ «አብሶሉትሊ»ን ወይም «ኮምፕሊትሊ»ን ነው የሚወዱት። «አብሶሉትሊ ሂዩጅ»፣ «ኮምፕሊትሊ ኤግዞስትድ»። በኛም ቋንቋ አለ እኮ! ክፍሉ ተጠርጎ ተወልውሎ አንሶላው ተለውጦ ስታይው «ጽድት ያለ ነው» ትያለሽ፤ ሌላ ማጠናከሪያ አያስፈልገውም። ለዚያ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ብፈልግልሽ «ስፖትለስ» ነው፣ አንዲት ነጠብጣብ የሌለበት። «ዘ ሩም ኢዝ ስፖትለስ።» ይሄን ብትይው ሰውየው ፈገግ ብሎ ቁልፉን ይቀበልሽ ነበር። «ቬሪ ዲሊሸስ»ን በተመለከተ አልጨቃጨቅም፤ ጥንቁቆቹ አይወዱትም፣ ግን ብትይው ማንም አይቆጣሽም።

ከዚህ ሁሉ ግራ መጋባት የምታወጣሽ ቃል «ሪሊ» ናት። «ሪሊ ሆት» ይባላል፣ «ሪሊ ሂዩጅ» ይባላል፣ «አይ ሪሊ ላይክ» ይባላል። ከሁለቱም ዓይነት ቅጽልና ከግሡም ጋር ትሄዳለች። አንድ ሳምንት «ቬሪ» ልትዪ ስትዪ ሁሉ በሷ ተኪያት፣ ስህተትሽ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ብቻ ስታወዳድሪ «ማች»ን አትርሺ።

የሁለቱን ቃላት ዘር ሳስብ ደግሞ ደስ ይለኛል። «ሪሊ» ማለት «በእውነት» ነው። «ቬሪ»ም ድሮ «እውነተኛ» ማለት ነበር፤ ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ የዛሬው ፈረንሳይኛ «ቭሬ» ዘመዱ ነው። የምድር ባቡር ዘመን ፈረንሳይኛ የለመዱ የድሬ አባቶች ይሄን ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል። የኛ ሰው «ወላሂ ይሞቃል» ሲል የሙቀቱን ብዛት በመሐላ ነው የሚያጠነክረው። እንግሊዝኛም ያው በእውነት እየማለ ነው «በጣም»ን ያገኘው።

ወደ «ሶ» ልመለስ። የ«ሶ» ትክክለኛ ቦታ የኛ «ከመ… የተነሳ» ነው። ከመሞቁ የተነሳ መተኛት አልቻልኩም፦ «ኢት ዎዝ ሶ ሆት ዛት አይ ኩድንት ስሊፕ»። ጭራው ሲቀርና «ኢትስ ሶ ሆት!» ብቻ ሲሆን ስሜት ነው፣ «ኧረ ሙቀቱ!» እንደማለት። ከጓደኛ ጋር ጥሩ ነው። እንግዳ መረጃ ሲጠይቅሽ ግን፣ ለምሳሌ ባቡር ጣቢያው ሩቅ ነው ወይ ሲልሽ፣ «ሶ ፋር» ብለሽ አትመልሺ፤ ስሜትሽን ሳይሆን ርቀቱን ነው የጠየቀው። «ፕሪቲ ፋር» ወይም «ቬሪ ፋር» በይና የባጃጁን ነገር ንገሪው። ስም ሲከተል «ሶ» ቦታዋን ለ«ሰች» ትለቃለች፦ «ሰች ኤ ናይስ ዴይ»።

«ኢናፍ»ን የምናበላሸው በቦታዋ ነው። «በቂ ገንዘብ» ስለምንል «ኢናፍ መኒ» ልክ ይመጣልናል። ቅጽል ሲሆን ግን ወደ ኋላ ትዞራለች፦ «ቢግ ኢናፍ»፣ «ሆት ኢናፍ»። «ኢናፍ ቢግ» አይባልም። እንግዳ ጠዋት ሲወርድ «ዎዝ ዘ ዋተር ሆት ኢናፍ?» ብለሽ ጠይቂ። ውሃው በቅቶታል ወይ ማለት ነው፣ እንደምትጨነቂለት ይገባዋል።

የመጨረሻዋ «ሃርድሊ» ናት፣ ሳልነግርሽ ብቀር ስለሚያሳስበኝ ነው የምጨምራት። «ሃርድ» ጠንክሮ ማለት ስለሆነ «ሃርድሊ» ሲሉ ብዙዎች «በጣም ጠንክሮ» ይመስላቸዋል። የተገላቢጦሽ ነው። «ሃርድሊ» ማለት ከናካቴው የለም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። «አይ ሃርድሊ ስሌፕት»፣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ማለት ይቻላል። «ዜር ዎዝ ሃርድሊ ኤኒ ዋተር» ካሉሽ ውሃ ጠፍቷል፣ ሰው ላኪ። ሥራ ፍለጋ ቀጣሪ ፊት ተቀምጦ «አይ ሃርድሊ ዎርክ» ያለ ሰው ደግሞ «ሥራ እምብዛም አልሠራም» ብሎ ነው የሚወጣው። አንቺ «አይ ዎርክ ሃርድ» በይ። «ሊ»ዋን እዚያ ላይ አትጨምሪያት።